አቃቂ፣ የሐዲዱ ጫፍ

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ገደማ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1915 ነው። አዲስ አበባ ለመግባት የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ያንን 23 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያው ባቡር ዋና ከተማዋ የገባው በ1909 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ የባቡሩ መጨረሻ አቃቂ ነበረች። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ መንገደኛውም እዚህ ወርዶ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ይያያዘዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ አካባቢው እንደገና የሐዲድ ጫፍ ሆነ። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በመርካቶ፣ በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በሳሪስ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የከተማው ቀላል ባቡር 16.9 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የባቡሮቹ ማደሪያና መጠገኛ ግቢም እዚሁ ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ባቡርን በወሬ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አያቱ የጅቡቲውን ባቡር ጩኸት እየሰማ አድጓል፤ እሱ ደግሞ ሰማያዊውንና ነጩን የኤሌክትሪክ ባቡር ይሳፈራል።

የባቡር ነገር ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ስንት ይሮጣል? ስንት ፉርጎ ይጎትታል? የኒውዮርክ፣ የለንደን፣ የፓሪስና የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡሮች ሲወዳደሩም መለኪያዎቹ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። የአቃቂ መስመር ታሪክ ግን ሦስተኛ መለኪያ እንዳለና ለተሳፋሪው ከሁለቱም የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ያሳያል፦ ባቡሩ በየስንት ደቂቃው ይመጣል?

ሦስት ቀን ከጅቡቲ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረና በአምስት ዓመት 311 ኪሎ ሜትር ሄዶ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ፤ ሥራውን የያዘው ኩባንያም ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በሐዲዱ ላይ በነበራቸው ጥቅም ሲሻኮቱ ዓመታት አለፉ። ሥራው የቀጠለው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለው 473 ኪሎ ሜትር በጠቅላላው ወደ 15 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በላ። የአቃቂ የሁለት ዓመት ጥበቃ የዚያ መጨረሻ ምዕራፍ ነበር። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደች፣ በአገር ቤትም ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ወርደው ሰገሌ ላይ ጦር ሲማዘዝ ያለፈ ጊዜ ነው።

የመስመሩ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ አገር የተለመደው 1.435 ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ በገደልና በሸለቆ በቀላሉ ይጠማዘዛል፤ የድልድዩም፣ የቁፋሮውም ወጪ ይቀንሳል። ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መስመር ይህ ትልቅ ቁጠባ ነበር። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ተከፈለ። ጠባብ መሠረት ላይ የቆመ ባቡር በኩርባ ላይ መፍጠን አይችልም፤ የሚሸከመውም ክብደት ውስን ነው። በ1880ዎቹ የተወሰነው የአንድ ሜትር ስፋት መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ የባቡሩን ፍጥነትና ጭነት ሲወስን ኖረ።

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ደጋውን ወጥቶ አቃቂን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። 784 ኪሎ ሜትሩ ለሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛሬ ቀርፋፋ ይመስላል። የሲራራ ነጋዴ ከነአጋሰሱ ሳምንታት ይፈጅበት ከነበረው ጉዞ ጋር ሲተያይ ግን አገሩን ያጠጋጋ ፍጥነት ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊትሪና መጣች። ሞተርዋን በሆድዋ የያዘች፣ ብቻዋን የምትሮጥ የፊያት ሥራ ናት። የእንፋሎቱ ባቡር ረጅም ሰልፍ ፉርጎ እየጎተተ ዳገቱን ሲያቃስት ሊትሪና ጥቂት ሰው ይዛ ቀድማው ትገባለች። ፍጥነትና ርዝመት የሚጋፉ ነገሮች መሆናቸው በዚህ መስመር ላይ በግልጽ የታየው ያኔ ነው። አገሩን የመገበው ረጅሙና ዘገምተኛው ባቡር ነው፤ ጨውና ጨርቅ፣ ቡናና ቆዳ የተመላለሱት በእሱ ነው። የቸኮለው መንገደኛ ደግሞ አጭሯን ይመርጣል።

አቃቂን የፋብሪካ ሠፈር ያደረጋትም ይኸው ሐዲድ ነው። ከወደብ የመጣው ጥሬ ዕቃና ማሽን ዋና ከተማዋ ሳይገባ ሜዳው ላይ ይራገፋል፤ ወንዝ አለ፤ ቦታው ሰፊ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተተከሉ። በዙሪያቸው የሠራተኛ ሠፈር፣ ገበያና ትምህርት ቤት በቀለ። አሮጌው ባቡር እያደር ተዳከመ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የመንገደኛ ጉዞ ተቋረጠ። አቃቂ ግን የሠራተኛ አገርነቷን አልለቀቀችም። በየማለዳው ወደ መሀል ከተማ የሚወጣው፣ በየምሽቱም የሚመለሰው ሕዝብ እየበዛ ሄደ።

ሰማያዊው ባቡር

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ሥራውን የያዘው የቻይና ምድር ባቡር ምህንድስና ኮርፖሬሽን ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። የሰሜን–ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ደግሞ በኅዳር ዋዜማ ተከተለ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ለጉዞ ብቻ ሳይሆን ባቡሩን ለማየት ተሳፈረ፤ ከቃሊቲ ልጆቻቸውን ይዘው የወጡ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም።

ባቡሮቹ 41 ናቸው። ሁሉም የተሠሩት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በቻንግቹን ነው። አንዱ ባቡር በመታጠፊያ የተያያዙ ሦስት ክፍሎች አሉት። ርዝመቱ ወደ 30 ሜትር፣ ስፋቱ 2.65 ሜትር ነው። የወለሉ 70 በመቶ ዝቅ ያለ በመሆኑ አረጋዊውም ሆነ ልጅ ያዘለችው እናት ደረጃ ሳይወጡ ከመድረኩ በቀጥታ ይገባሉ። ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው 750 ቮልት ሽቦ ነው። አንዱ ባቡር ተጨናንቆ ሲሞላ ወደ 300 ሰው ይይዛል። አንድ ሚኒባስ ታክሲ 12 ሰው ይጭናል ቢባል አንድ ባቡር 25 ታክሲ ያህል ነው።

ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩ ሥራ ሲጀምር ደጋግሞ የተነገረው ቁጥር ይህ ነበር። ከቃሊቲ ተነሥቶ ለገሃር የሚወርድ ሰው ግን ጉዞውን በሰዓቱ ሲለካው ከዚህ በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የከተማ ባቡር ሁሉ ጠባይ ነው።

በሁለት ጣቢያ መካከል

በሰሜን–ደቡቡ መስመር ላይ 22 ጣቢያዎች አሉ። 16.9 ኪሎ ሜትሩ በጣቢያዎቹ መካከል ላሉት 21 ክፍተቶች ሲካፈል ለአንዱ 800 ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

ባቡሩ ከአንዱ ጣቢያ ተነሥቶ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በአንድ ሜትር በሰከንድ ይጨምራል እንበል። ይህ ለከተማ ባቡር የተለመደ መጠን ነው፤ ከዚህ ቢበልጥ የቆመ ሰው ይወድቃል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ወደ 19 ሰከንድና 190 ሜትር ይፈልጋል። ለመቆምም ያንኑ ያህል ይወስድበታል። ከ800 ሜትሩ ውስጥ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠው 420 ሜትር ብቻ ነው። ጉዞው በጠቅላላው 61 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ተሳፋሪ ለማውረድና ለማሳፈር 30 ሰከንድ ሲጨመርበት አማካዩ በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። መሻገሪያ ላይ ሲዘገይ፣ በር ላይ ሰው ሲጋፋ፣ ከፊት ያለው ባቡር ሲቆም ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

አሁን በዚያው መስመር ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር መጣ እንበል። በ800 ሜትር ውስጥ 120 መድረስ አይችልም። ግማሽ መንገዱን ሲፈጥን ሄዶ ግማሹን ሲቀዘቅዝ፣ ጫፉ 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። የሚተርፈው ጊዜ አራት ሰከንድ ነው። ለአራት ሰከንድ ሲባል የሞተሩ፣ የፍሬኑና የኤሌክትሪኩ ወጪ በእጅጉ ያድጋል።

የዓለም ከተሞች ቁጥሮች የሚሉትም ይህንኑ ነው። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር እስከ 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ አማካዩ ግን 28 ገደማ ነው። የለንደን አማካይ 33 ነው። ጣቢያዎቹ በ500 ሜትር ገደማ ርቀት የተደረደሩባት ፓሪስ ከዚህም ዝቅ ትላለች። ጣቢያዎቿን አራርቃ የሠራችው ሞስኮ ወደ 40 ትጠጋለች። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር እስከ 129 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አማካዩም ከ50 በላይ ነው፤ በሠፈርና በሠፈር መካከል ሳይቆም ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳልና። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው የጣቢያው ርቀት ነው።

ኒውዮርክ በ1904 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን መስመር ስትከፍት ለዚህ መፍትሔ ይዛ ነበር የተነሣችው። በዋናው ጎዳና ሥር አራት ሐዲድ ጎን ለጎን ዘረጋች፤ በሁለቱ ላይ በየጣቢያው የሚቆም ባቡር፣ በሁለቱ ላይ ብዙ ጣቢያ የሚዘል ፈጣን ባቡር ይሄዳል። የአዲስ አበባው መስመር ለመሄጃ አንድ፣ ለመመለሻ አንድ ሐዲድ ብቻ ነው ያለው። ከቃሊቲ የሚነሣ ፈጣን ባቡር ቢኖር እንኳ ከፊቱ ያለውን የሚያልፍበት ቦታ የለውም።

የፉርጎ ርዝመት

ርዝመትም የራሱ ታሪክ አለው። ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፉርጎ አለ፦ 15.5 ሜትር፣ 18.3 ሜትርና 22.9 ሜትር። አጭሩ በ1904ቱ ጠባብ ዋሻ ውስጥ የሚሄደው ነው። 18.3 ሜትሩ አሥር ሆኖ፣ 22.9 ሜትሩ ደግሞ ስምንት ሆኖ ሲቀጠል ሁለቱም 183 ሜትር ይሆናሉ። ረጅሙ ፉርጎ በአንዳንድ የቆዩ መስመሮች ላይ አይገባም፤ በኩርባው ላይ ጥጉ ግድግዳ ይመታልና። የመቶ ዓመት ውሳኔ ዛሬም የባቡሩን ርዝመት ይወስናል፤ የምኒልክ ዘመን የአንድ ሜትር ሐዲድ በአቃቂ ያደረገውን የኒውዮርክ ዋሻ እዚያ አድርጎታል።

የፓሪስ ባቡር በብዙው መስመር 15 ሜትር ርዝመት ያላቸው አምስት ፉርጎዎች፣ በድምሩ 75 ሜትር ነው። የሞስኮ ባቡር በትልልቅ መስመሮቹ ስምንት ፉርጎ ይዞ ከ150 ሜትር ያልፋል። የአዲስ አበባው 30 ሜትር ነው። ሁለት ቢቀጠሉ 60 ይሆናሉ። በስፋት ግን አያንስም፤ የእኛ 2.65 ሜትር ከኒውዮርኩ ጠባብ ፉርጎ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ ቀላል ባቡርና የምድር ውስጥ ባቡር አንድ እንዳልሆኑ ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባው በአመዛኙ በመንገድ አካፋይ ላይ በአጥር ተከልሎ፣ በድልድይ ላይም ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነው። በዋጋም፣ በግንባታ ፍጥነትም ከዋሻ ይቀላል። ጎዳናውን ለሁለት የከፈለው አጥር ግን ለእግረኛው ፈተና ሆኖበታል፤ ከወዲህ ማዶ ወዳለው ሱቅ ለመሻገር ረጅም መንገድ የሚዞር ሰው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ በየዕለቱ ይታያል።

በየስንት ደቂቃው?

አሁን ሦስተኛው መለኪያ። አንድ ባቡር 300 ሰው ይይዛል። በየ6 ደቂቃው ከመጣ በሰዓት አሥር ባቡር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ 3,000 ሰው ይሄዳል። በየ20 ደቂቃው ከመጣ ሦስት ባቡር፣ 900 ሰው ብቻ። ባቡሩ ያው፣ ሐዲዱም ያው ነው። የተለወጠው ምልልሱ ብቻ ሲሆን ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ለአንዱ ተሳፋሪም ሒሳቡ ይኸው ነው። አራት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ባቡሩ በአማካይ ከ20 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢፋጠንለት የሚያተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ባቡሩ በየ20 ደቂቃው መምጣቱ ቀርቶ በየ6 ደቂቃው ቢመጣለት ግን የጥበቃው አማካይ ከ10 ወደ 3 ደቂቃ ይወርዳል፤ ሰባት ደቂቃ ያተርፋል። መጀመሪያ የመጣው ባቡር ሞልቶ ሲያልፈው ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ምልልሱን የሚያስሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከንድፉ የመጣ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም፣ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር አድርገው 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከቃሊቲ የሚመጣው ሰማያዊና ከአያት የሚመጣው አረንጓዴ ባቡር እዚያ ተራ ይጠባበቃሉ። መሀል ከተማ ላይ አንዱ ሲዘገይ መዘግየቱ ቃሊቲ ድረስ ይወርዳል።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። መስመሩ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። የጎማ፣ የፍሬን፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ ዶላሩ ደግሞ አልተገኘም። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጪ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ቃሊቲ ግቢ ውስጥ የቆመ ባቡር ፍጥነቱ 70 ይሁን 120 ለጣቢያው ሰልፈኛ ምንም አይጠቅመውም።

ይህ በሆነበት ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ እየበዛ ነበር። በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተነሥተዋል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። የቃሊቲ መናኸሪያና ጉምሩክ ያው በየቀኑ እንደተጨናነቁ ናቸው። ሠራተኛው ሌሊት ተነሥቶ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ቃሊቲ ይደርሳል፤ እዚያ ባቡር ካላገኘ እንደገና ለታክሲ ይሰለፋል። የሐዲዱ ጫፍ ቃሊቲ ላይ መቅረቱ ለእነዚህ ሠፈሮች በቀን ሁለት ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ነው።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም አለ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ሐዲዱ 1.435 ሜትር ነው፤ የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተሠራ ነው። ዕቃ የሚያራግፈው ከአቃቂ አጠገብ እንዶዴ ላይ፣ መንገደኛ የሚያወርደው ለቡ ነው። የአያቶቹ ባቡር መንገደኛውን ለገሃር፣ ከተማው መሀል ያወርደው ነበር። የዛሬው ፈጣን ባቡር ከተማው ዳር ላይ ይቆማል፤ ከቀላል ባቡሩም ጋር አይገናኝም። በዳገቱ ላይ ያተረፈውን ሰዓት መንገደኛው በከተማው መጨናነቅ ውስጥ መልሶ ያጣዋል።

ስለዚህ ስለ አዲስ አበባ ባቡር ሲወራ ከፍጥነቱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ዛሬ ከቃሊቲ ግቢ የወጡት ባቡሮች ስንት ናቸው? በየስንት ደቂቃው ይደርሳሉ? የባቡሩን መለዋወጫ እዚሁ ለመሥራት ምን ታስቧል? የብረታ ብረት ሥራ ለአቃቂ እንግዳ አይደለም፤ የፋብሪካ ሙያተኛ ሲወልድ የኖረ ሠፈር ነው። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ሁሉ እዚህ መተካት አይቻል ይሆናል፤ ቀላል የሆነውን ክፍል እየለዩ መጀመር ግን ይቻላል። ከተማው ለባቡሩ ገንዘብ ሲመድብ መጀመሪያ የቆሙትን ባቡሮች ያስነሣ፤ ቀጥሎ ሐዲዱን ከቃሊቲ ወደ አቃቂና ወደ ቱሉ ዲምቱ ያድርስ። የአካባቢው ሰው የሚጠብቀው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር አይደለም። በየስድስት ደቂቃው ሳይጓደል የሚመጣ፣ 70 የሚሮጥ ባቡር ይበቃዋል።